ሴጋ ያሳብዳል ያሉት እውነት ሀኪሞች ናቸው?

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም ሰው እንዲከታተል ጥያቄህን አሳጥሬ ልድገመው። «የድሮ የፈረንጅ ሀኪሞች ሴጋ ያሳብዳል፣ ያደክማል፣ እድሜ ያሳጥራል ይሉ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ? ኮርንፍሌክስ የሚባለው የቁርስ ምግብም ሴጋን ለማስቀረት ተብሎ ነው የተሰራው አሉ፣ ቫይብሬተርንም (የሚነዝረውን የወሲብ መሳሪያ) የፈጠሩት ሀኪሞች ናቸው ይላሉ» ነው ያልከው። ባጭሩ የመጀመሪያው እውነት ነው፣ እንዲያውም አንተ ከሰማኸው ይብሳል። የኮርንፍሌክሱ ጫፉ እውነት ነው፣ የቀረው ተጨምሮበታል። የቫይብሬተሩ ተረት ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል።

እኔ የቆዳና የአባላዘር ሀኪም ነኝ፣ ታሪክ ስራዬ አይደለም፣ ግን ይሄን ታሪክ ባላውቅ ኖሮ ከሚመጡልኝ ወጣት ወንዶች ብዙዎቹን መስማት አልችልም ነበር። አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብህ።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ላስተዋውቅህ፣ ስሙም ከተማውም ይቅር። ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ነው፣ ሀያ አራት አመት ቢሆነው ነው፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሽንቱን ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት «ዶክተር እየው፣ ዘሬ እያለቀ ነው» አለኝ። ሽንቱ እውነትም ደፍርሷል፣ እርጎ ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ሴጋ የጀመርኩት ባስራ አምስት አመቴ ነው፣ አሁን ወገቤን ያመኛል፣ ያነበብኩት አይያዝልኝም፣ ሰው ፊት ስቆም ላብ ያጠምቀኛል፣ ይሄ ሁሉ ዘሬ በሽንቴ እየፈሰሰ ስላለቀ ነው አለ። ፈገግ አላልኩም። ምክንያቱም ይሄን ልጅ በ1840ዎቹ ፈረንሳይ ሞንፔሊየ ብትወስደው ትልቁ ፕሮፌሰር እጁን ይዞ «ግባ፣ አንተ የኔ በሽተኛ ነህ» ነበር የሚለው። በሽታውም ስም ነበረው፣ ስፐርማቶሪያ ይሉታል፣ የዘር መፍሰስ እንደማለት ነው። ልጁ ጋር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሀኪም ቤት አይደለም። በ1710ዎቹ ለንደን ውስጥ ደራሲው ያልታወቀ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወጣ፣ ኦናንያ ይባላል፣ ስሙን ከኦሪት ዘፍጥረቱ አውናን የወሰደ ነው። (አውናን ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰሰው ለወንድሙ ዘር ላለማቆም እንጂ በሴጋ አልነበረም፣ ግን ማን አንብቦት።) መጽሐፉ ሴጋ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው ይላል፣ አስፈራርቶ አስፈራርቶ ሲያበቃ መድሀኒቱን ደግሞ እዚህ ቦታ ታገኛላችሁ ብሎ ጠርሙስና ዱቄት ይሸጣል። በቃ ማስታወቂያ ነው። ቴሌግራም ላይ «ስንፈተ ወሲብ ላለባችሁ፣ በ7 ቀን ለውጥ» የሚሉህን ሰዎች አስብ፣ ያው እነሱ ናቸው ከሶስት መቶ አመት በፊት። በየእትሙም የአንባቢ ደብዳቤ ይጨምርበታል፣ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» የሚል፣ እያደር መጽሐፉ አበጠ።

ማስታወቂያ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይረሳ ነበር። ያልቀረው ስሙ የተከበረ ሀኪም ስላነሳው ነው። ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ ይባላል፣ ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ ሎዛን ከተማ ይሰራ የነበረ፣ ፈንጣጣ ላይ ሁሉ የጻፈ ቁምነገረኛ ሰው። በ1760 በፈረንሳይኛ ስለ ኦናኒዝም፣ ማለትም ስለ ሴጋ፣ መጽሐፍ አወጣ። የሱ ሀሳብ ደሞ ሲሰሙት አሳማኝ ነው፣ ሰውነት የፈሳሾች ሚዛን ነው፣ ዘር የደም ጭማቂ ነው፣ አንድ አውንስ ዘር ማጣት አርባ አውንስ ደም ከማጣት ይብሳል። አርባ! ይቺ ስሌት ከሱም በፊት የነበረች ጥንታዊ እምነት ናት፣ ህንድ አገርም ተመሳሳይዋ አለች፣ እኛም ሰፈር «አንድ ጠብታ ዘር ስንት ጠብታ ደም ነው» የሚል ጂም ውስጥ አታጣም። ማንም ለክቶት አያውቅም፣ ቲሶም አለካም። ግን ሀኪም በቁጥር ሲናገር ሰው ያምናል።

እና 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ይሄ ሀሳብ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በዛን ጊዜ አውሮፓና አሜሪካ ትልልቅ የአእምሮ ህሙማን ማቆያዎች ይሰሩ ነበር፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ይቆለፋል፣ ሀኪሙ በየቀኑ ይዞራል፣ ምን ያያል? ህመምተኞቹ ሰው ፊት ሳያፍሩ ሴጋ ሲመቱ ያያል። ውጪ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ የሚያደርገውን እሱ አያይም፣ እዚህ ግን ፊት ለፊቱ ነው። ስለዚህ «ያበዱት ለዚህ ነው» አለ። ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፣ አይናቸው ያየውን ነው የጻፉት፣ ፈረሱንና ጋሪውን ነው ያገላበጡት፣ ህመሙ ይሉኝታን አጠፋ እንጂ ይሉኝታ ማጣቱ ህመሙን አላመጣም። ሄንሪ ሞድስሊ፣ እንግሊዝ ውስጥ በዘመኑ ከነበሩት የአእምሮ ሀኪሞች ዋናው፣ በ1868 «የሴጋ እብደት» ብሎ ራሱን የቻለ የበሽታ አይነት አድርጎ ጽፎበታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። በነዛው ማቆያዎች ውስጥ እውነትም በግብረ ስጋ የሚመጣ እብደት ነበር! አጠገባቸው! አንቷን ቤል የሚባል ፈረንሳዊ በ1822 ሰውየው መጀመሪያ ንጉስ ነኝ ሀብታም ነኝ ይላል፣ ከዛ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይከዳዋል፣ በመጨረሻ ይሞታል ብሎ በደንብ አድርጎ የገለጸው በሽታ ነው፣ የእብዶች ሽባነት ይሉት ነበር። ምክንያቱ ቂጥኝ ነው፣ ካመታት በኋላ አእምሮ ውስጥ የገባ ቂጥኝ። ይሄ እርግጥ የሆነው ግን ኖጉቺና ሙር የሚባሉ ተመራማሪዎች የቂጥኝን ተህዋስያን ከነዚህ ሰዎች አእምሮ ውስጥ በ1913 ሲያገኙት ነው። ያን ሁሉ ዘመን አንዳንዱ መጠጥን፣ አንዳንዱ ሀሳብ ማብዛትን፣ አንዳንዱ ሴጋን ሲከስ ገዳዩ ሌላ ነበር።

አሁን ወደ ሞንፔሊየው ፕሮፌሰር እንምጣ። ክሎድ ፍራንሷ ላልማን ይባላል፣ ከ1836 እስከ 1842 በሶስት ጥራዝ «ያለፈቃድ ስለሚፈስ ዘር» ጻፈ። የሱ አዲስ ነገር ምን መሰለህ፣ ከዛ በፊት ችግሩ ሴጋ የሚመታው ሰው ላይ ነበር፣ ላልማን ግን የለም አለ፣ ሌሊት በህልም የሚፈሰውም፣ ስትጸዳዳ አምጠህ የምትወጣዋ ጠብታም፣ ሳታውቀው በሽንት የሚሄደውም በሽታ ነው። እንግዲህ ልብ በል፣ ይሄን ካልክ የማይታመም ወንድ የለም። ድርቀት ኖሮብህ ስታምጥ ፕሮስቴት ከሚባለው፣ ከፊኛ ስር ካለው የወንድ እጢ ትንሽ ዝልግልግ ነገር ብትወጣ ምንም ማለት አይደለም፣ ዛሬ ለተማሪዎቼ በአንድ አረፍተ ነገር ነግሬ የማልፋት ነገር ናት። በሱ መጽሐፍ ግን የጥፋት መጀመሪያ ናት።

ህክምናውስ? ለወንድ አንባቢ ማስጠንቀቂያ፣ ይቺን አንቀጽ መዝለል ትችላለህ። የብረት ቱቦ፣ ውስጡ ዘንግ አለው፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ተደርጓል፣ የቆዳ ኪንታሮት የምናቃጥልበት ያ ጥቁር አድርጎ የሚያነድ ኬሚካል ማለት ነው። ቱቦው በሽንት መውጫ ይገባል፣ ፕሮስቴቱ ድረስ ይሄዳል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ይነካል፣ ያቃጥላል፣ ይወጣል። ያለ ማደንዘዣ ነው፣ ኤተር ራሱ በኦፕራሲዮን ላይ በይፋ የታየው በ1846 ነው። ሰውየው ከዛ በኋላ ቀናት ሽንቱ ከደም ጋር ይወርዳል፣ እያቃሰተ ነው የሚሸናው። እና ተሻለው? ብዙዎቹ «ተሻሉ» ተብሎ ተጽፏል፣ እኔም አምናለሁ፣ እዛ ቦታ የተቃጠለ ሰው ለሳምንታት ስለ ሴጋ ቢያስብ ነው የሚገርመው። ውስጡ ጠባሳ ይዞ የሽንት ቧንቧው የሚጠብበትም ነበር፣ ያ ደሞ በራሱ እድሜ ልክ የሚከተል ጣጣ ነው። በሽታ ያልነበረውን ሰው በሽተኛ አድርገው ሰደዱት ማለት ነው።

ቱቦውን ለፈራ ቀለበት ነበረለት። ለንደን ያለው የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ አንዱ አለ፣ የብረት መቆንጠጫ ነው፣ ውስጡ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ማታ ሲተኛ ብልቱ ላይ ያደርገዋል፣ በህልሙ ከቆመበት ጥርሱ ይነክሰውና ይነቃል። ይሄን የሚሰራው የቀዶ ህክምና እቃ የሚሰራው ያው ፋብሪካ ነው፣ ድብቅ ነገር አልነበረም።

እንግሊዝ ውስጥ የዚህ ሁሉ አፈ ጉባኤ ዊልያም አክተን ነው (1813–1875)። ፓሪስ ፊሊፕ ሪኮር የሚባል ሀኪም ዘንድ የተማረ የአባላዘር ሀኪም፣ እንግዲህ የሙያ አባቴ ልበለው? መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ1857 ነው፣ ደጋግሞ ታትሟል። አብዛኛዋ ሴት የወሲብ ስሜት ብዙም አያስቸግራትም ብሎ የጻፈው እሱ ነው፣ እስካሁን የዛን ዘመን ሰው ሁሉ እንደዚህ ያስብ ነበር ብለው እሱን ብቻ የሚጠቅሱ አሉ፣ ልክ አይደለም፣ ዘመኑ ውስጥ የተቃወሙት ሀኪሞች ነበሩ። ለማንኛውም አክተንና ጓደኞቹ በግልጽ መናገር ሲጀምሩ ከበስተኋላቸው ያለው ገበያ ደራ። ለንደን ውስጥ «የአናቶሚ ሙዚየም» የሚባሉ ነበሩ፣ ወንድ ብቻ ነው የሚገባው፣ በሰም የተሰራ በቂጥኝ የተበላ ፊትና ብልት ተደርድሮልሃል፣ ደንግጠህ ስትወጣ በሩ ላይ «ዶክተሩ» ያማክርሃል። የዶክተር ካን ሙዚየም የሚባለው በጣም የታወቀ ነበር፣ በ1873 ፍርድ ቤት ነው ያዘጋው። ወጣቶቹ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ብር ይልካሉ፣ ደፍሮ የሚከስ የለም ምክንያቱም ምን ብሎ ይከሳል? ሀፍረት ላይ የተሰራ ንግድ ኪሳራ አያውቅም።

ሴቶቹ ጋ ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። መጀመሪያ ይሄን ያዝ፣ ሀኪሞቹ የሴት ገላ መንካት ራሱ ያሳፍራቸው ነበር። በ1816 ፓሪስ ነከር ሆስፒታል ላኤኔክ የሚባለው ሀኪም ጋ አንዲት ወፈር ያለች ልጅ ልቧን አሟት መጣች፣ ጆሮውን ደረቷ ላይ መለጠፍ አፈረ፣ ወረቀት ጠቅልሎ ቱቦ አድርጎ አዳመጣት፣ በደንብ ተሰማው፣ አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው ስቴቶስኮፕ የመጣው ከዛች ሀፍረት ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሀፍረቱ ግን ቢላ የያዘ ሰው ጋ ሲደርስ እንደዚህ አያምርም።

አይዛክ ቤከር ብራውን። ለንደን ውስጥ ስመ ጥር የሴቶች ቀዶ ህክምና ሀኪም ነበር፣ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) እጢ በማውጣት ስራ ከቀዳሚዎቹ አንዱ፣ ለገዛ እህቱ ሳይቀር ቀዷታል ተርፋለች። በ1858 የራሱን የሴቶች ሆስፒታል ከፈተ። ከዛ አንድ ሀሳብ ያዘው፣ ሂስቴሪያም (ያኔ ለሴት የስሜት መናወጥ የሰጡት ስም) የሚጥል በሽታም እብደትም ሴት ላይ የሚመጣው ቂንጥሯን በመነካካት ነርቭ ስለሚደክም ነው፣ ስለዚህ ቂንጥሩን መቁረጥ ነው መድሀኒቱ አለ። በክሎሮፎርም ያስተኛታል፣ በመቀስ ወይ በቢላ ይቆርጣል። በ1866 መጽሐፍ አሳተመ፣ በሽተኞቹን እየዘረዘረ ዳነች ዳነች ይላል። ከታሪኮቹ ውስጥ ከባሏ ጋር መኖር እምቢ ያለች ሴት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወደ ባሏ ተመለሰች ብሎ እንደ ፈውስ የሚቆጥረው አለ። እንደ ፈውስ!

እኛ አገር ሰው ይሄን ሲያነብ ወዲያው የሴት ልጅ ግርዛት ነው ይላል፣ አዎ ቁርጡ ያው ነው። መንገዱ ግን ይለያያል፣ የኛው ከባህል መጥቶ አያት የምታስፈጽመው ነው፣ በወንጀል ህጋችንም በኛ አቆጣጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በስም ተጠቅሶ የተከለከለ ነው፣ የብራውን ግን በነጭ ጋውን፣ በላቲን ስም፣ በሳይንስ ተብሎ የገባ ነው። ይሄን የምለው «የሰለጠነው አለም» ሲባል የሚሸማቀቅ ሰው ስለማይ ነው።

እና ምን ሆነ? ኤፕሪል 3 ቀን 1867 የለንደን የማህፀንና ጽንስ ሀኪሞች ማህበር ተሰብስቦ አባረረው፣ 194 ለ 38 ድምጽ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «ጎሽ፣ ግፉ ገባቸው» ይላል። የክርክሩን ቃል ስታነብ ግን ትበርዳለህ። ዋናው ክሳቸው ለሴትየዋም ሆነ ለባሏ ሳይነግር ይቆርጣል፣ ደሞ ሀኪም ላልሆነ ሰው እያወራ ስማችንን አጠፋ የሚል ነበር። ባልየው ሳያውቅ የሚለው ነው ያንገበገባቸው። ሴጋ ሴትን ያሳብዳል የሚለውን ብዙዎቹ አልተከራከሩበትም። ብራውን ተዋርዶ፣ ታሞ፣ ደህይቶ በ1873 ሞተ። አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ቀጠለ፣ ከ1872 ጀምሮ ሮበርት ባቲ የሚባል የጆርጂያ ሀኪም ጤነኛ ኦቫሪ እያወጣ የወር አበባ ህመምንና «ነርቭ»ን ማከም ጀመረ፣ በስሙም ኦፕራሲዮን ተሰየመ፣ ኦቫሪያቸው ምንም ሳይሆን የወጣባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው።

ግርዛት ካነሳን የወንዱን በአንድ ትንፋሽ ልበልልህ። አሜሪካ ውስጥ የሃይማኖት ትእዛዝ ሳይኖር ወንድ ልጅ መግረዝ የተስፋፋው በዚሁ ዘመን ነው፣ በ1870 ሉዊስ ሴይር የሚባል የኒውዮርክ የአጥንት ሀኪም እግሩ አልዘረጋ ያለ የአምስት አመት ልጅ ገረዘና ዳነልኝ አለ፣ ብልት ላይ ያለ መቆጣት በነርቭ ተጉዞ ሌላ ቦታ ሽባ ያደርጋል የሚል ቲዎሪ ነበር። እኛ በስምንተኛው ቀን የምንገርዘው በእምነት ነው፣ የነሱ መነሻ ይሄ ነው፣ ስለዚህ «ፈረንጆቹም በሳይንስ አረጋግጠው ገረዙ» የሚለውን ክርክር ተወው። ዛሬ ኤችአይቪን በተመለከተ ያለው ጥናት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከሴይር ጋር አይገናኝም።

ኮርንፍሌክስ። ጆን ሃርቪ ኬሎግ (1852–1943) ሚሺጋን ባትል ክሪክ የሚባል ቦታ ትልቅ የጤና ማረፊያ የሚመራ ሀኪም ነበር፣ አድቬንቲስት፣ ስጋ የማይበላ፣ ቅመምና ቡና የሚጠላ። ስለ ሴጋ ያለው ጽሁፍ ከማንም ይከፋል፣ ወንድ ልጅ ሲገረዝ ማደንዘዣ አይሰጠው፣ ህመሙ እንደ ቅጣት ይጠቅመዋል ይላል፣ ለሴት ልጅ ደሞ ቂንጥሯ ላይ ካርቦሊክ አሲድ ይቀባ ይላል። ይሄ ተረት አይደለም፣ በራሱ እጅ ጽፎታል። ቅመም የሌለው ምግብ ስሜትን ያበርዳል ብሎም ያምናል፣ ይሄን ከሱ በፊት ሲልቬስተር ግራሃም የሚባል ሰባኪ በ1830ዎቹ እየዞረ ሰብኮታል። በርበሬ የበላ ሰው ሁሉ በስሜት ያብዳል ቢባል እንግዲህ የኛ ጉድ አያልቅም ነበር። ግን እሱ ራሱ ፍሌክሱን በ1894 ሲያገኙት የፈለገው ሆዳቸው ለሚያስቸግራቸው በሽተኞች ቶሎ የሚፈጭ ቀለል ያለ የቁርስ እህል ነው፣ የተነሱትም ከስንዴ ነው፣ የወሰደውም ፓተንት ስለ ምግብ መፈጨት እንጂ ስለ ሴጋ አያወራም። ኩባንያውን በ1906 ያቋቋመው ወንድሙ ዊል ኪት ነው፣ እሱ ደሞ ስኳር ጨምሮ መሸጥ ነው የፈለገው፣ በዚሁ ተጣሉ።

ቫይብሬተሩን ደሞ ፊልም ነው ያዳረሰው። ታሪኩ እንዲህ ይላል፣ ሀኪሞች ሂስቴሪያ ያለባቸውን ሴቶች በእጃቸው እያሻሹ ያረኩ ነበር፣ እጃቸው ሲደክም ማሽን ፈጠሩ። ይሄን ያመጣችው ሬቸል ሜይንስ የምትባል አሜሪካዊት የታሪክ ተመራማሪ በ1999 ባወጣችው መጽሐፍ ነው፣ በ2018 ሌሎች ሁለት ምሁራን የጠቀሰቻቸውን ምንጮች አንድ በአንድ ሲያዩ የምትለውን የሚል ምንጭ አላገኙም። ማሽኑን የሰራው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሞርቲመር ግራንቪል በ1883 ለወንዶች የነርቭና የጡንቻ ህመም ነው የምጠቀምበት፣ ሴት ላይ አልሞከርኩትም ብሎ ራሱ ጽፏል። ታሪኩ የሚያስቅ ስለሆነ ነው ሰው የማይለቀው። እነ ብራውን የቆረጡትን ሰው አያወራውም፣ ያልተደረገውን መታሻ ያወራል።

ፍትሃዊ ለመሆን ሁሉም እንደዛ አልነበረም። ጄምስ ፓጄት፣ የእንግሊዟ ንግስት ሀኪም፣ በ1875 ባሳተመው ጽሁፍ ሴጋ በተመሳሳይ መጠን ከሚደረግ ግብረ ስጋ የበለጠም ያነሰም አይጎዳም ብሎ ቁጭ አድርጎታል፣ ሰዎቹን የሚያሳምማቸው ፍርሃቱ ነው አለ። ሰሚ አጣ እንጂ። እውነተኛውን የአባላዘር በሽታ በትክክል የያዙትም ነበሩ። ጆን ሀንተር የሚባል የለንደን ቀዶ ሀኪም ጨብጥና ቂጥኝ አንድ ናቸው ብሎ 18ኛውን ክፍለ ዘመን ካሳሳተ በኋላ ያ የአክተን መምህር ሪኮር በ1838 ሁለት መሆናቸውን አሳየ፣ በ1879 አልበርት ናይሰር የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም የጨብጥን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አየው። እና ምን ሆነ መሰለህ፣ ያ ላልማን የወንድ ቧንቧ ያቃጠለበት ሲልቨር ናይትሬት፣ ላይፕሲግ ላይ ክሬዴ የሚባል የማህፀን ሀኪም ከ1880 ጀምሮ 2 በመቶ አድርጎ አቅጥኖ አዲስ የተወለደ ህፃን አይን ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ጀመረ፣ ለእውርነት በሚያደርሰው ከእናት በሚተላለፍ የአይን ጨብጥ ይያዝ የነበረው ህፃን ከመቶ 10 ገደማ የነበረው ከ1 በታች ወረደ። ወልደህ የምታውቅ ከሆነ ነርሷ ልጅህ አይን ላይ ቲቲሲ ቅባት ስትቀባ አይተሃል፣ የዛ የክሬዴ ጠብታ የልጅ ልጅ ናት። ያው ኬሚካል ነው እኮ፣ ልዩነቱ አንደኛው የሚዋጋውን ያውቃል።

የማያውቁትን ደሞ በልበ ሙሉነት ነበር የሚመክሩት። ሴት ውሻ ስትደማ ነው የምታረግዘው፣ ስለዚህ ሴትም በወር አበባዋ አካባቢ ነው የምትጸንሰው ብለው መሀሉን «አስተማማኝ ቀን» ብለው ይመክሩ ነበር። ትክክለኛው ግልባጩ ነው፣ ያ የታወቀው በ1920ዎቹ ኦጊኖና ክናውስ የሚባሉ ጃፓናዊና ኦስትሪያዊ ሀኪሞች ለየብቻ ሲደርሱበት ነው። የሀኪም ምክር ሰምተው የተወለዱ የዛ ዘመን ልጆች ስንት ይሆኑ?

የመንግስትንም ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። እንግሊዝ ወታደሮቿ በአባላዘር ሲያልቁባት በ1864 ህግ አወጣች፣ በ1866ና በ1869 አጠበቀችው፣ ጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ሴተኛ አዳሪ ናት ተብላ የተጠረጠረች ሴት በፖሊስ ተይዛ በግድ ትመረመራለች፣ ከተገኘባት ለወራት ሆስፒታል ትቆለፋለች። ወታደሩ? ወታደሩ አይነካም፣ ክብሩ ይቀንሳል ተብሎ። ጆሴፊን በትለር የምትባል ሴት አስራ ሰባት አመት ገደማ ታግላ በ1886 አሰረዘችው። አክተን ህጉን ከደገፉት አንዱ ነበር፣ አይገርምም።

አሁን ወደ ሃይላንዱ። ልጁን መጀመሪያ መረመርኩት፣ ፈሳሽ የለውም፣ ቁስል የለውም፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራውም ነጻ ነው። ከዛ ምን ትበላለህ አልኩት፣ ጾም ነው ዶክተር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች አለ። ነገሩ ገባኝ። ስጋና ወተት ሲቀር፣ አትክልት ሲበዛ ሽንት አሲዱ ይቀንሳል፣ ያኔ ውስጡ ያለው ፎስፌት የሚባል ጨው ይረጋና ያደፈርሰዋል። ሁላችንም ይሆንብናል፣ ሽንታችንን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን ወደ መብራት ስለማናነሳው ነው የማናውቀው። የለንደን አጭበርባሪዎች እኮ ደንበኛቸውን ያንበረከኩት በዚሁ ነው፣ የደፈረሰ ሽንቱን ወደ መስኮት አንስተው «እየው ህይወትህን» እያሉ።

ንግግር አላበዛሁም። ላብራቶሪ ወሰድኩት፣ ከሃይላንዱ ትንሽ ቴስት ቱብ ውስጥ ቀዳሁ፣ ከመደርደሪያው አሴቲክ አሲድ አወረድኩ፣ ኮምጣጤ ማለት ነው፣ ሁለት ሶስት ጠብታ ጠብ አደረኩበትና ነቅነቅ አድርጌ ለሱ ሰጠሁት። አይኑ እያየ ጠራ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ሆነ። ቱቦውን ወደ መብራቱ አንስቶ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኗ ሳቋን አፍና ዞረች።

«ዶክተር» አለኝ፣ «ዘሩ የት ሄደ?»